ሚስማሩ ይምራችሁ፦ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ጫካ የቅኝ ግዛት ዘመን ሳንቲም ፍለጋ

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ጫካ ሜታል ዲተክተር ይዞ የሚወጣ ጀማሪ ማሽኑን እንደከፈተ የሚያደርገው ነገር ብረት እንዳይጮህበት መዝጋት ነው። የዛገ ሚስማር ለመልቀም ማን ይደክማል? ዳሩ ግን መጀመሪያ መፈለግ ያለበት ሚስማሩ ነው። በ1700ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አብዛኛው የገበሬ ቤት የእንጨት ነበር። ቤቱ ሲፈርስ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ሲቃጠልም አመድ ይሆናል፤ ሚስማሩ ግን እዚያው ይቀራል። ጫካ መሀል ድንገት የብረት ድምፅ ከበዛባችሁ ከሰው ደጃፍ ደርሳችኋል ማለት ነው። ብረት በማይጮህበት ጫካ ቀኑን ሙሉ ብትዞሩ የምትሰበስቡት የአዳኝ ቀለህ ነው።

መሬቱ የማን ነው?

ዲሲ አካባቢ የሚኖር ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ሮክ ክሪክ ላይ፣ ሲ ኤንድ ኦ ካናል ዳር ወይም ግሬት ፎልስ ላይ ነው። ሁሉም የብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ይዞታ ናቸው። በብሔራዊ ፓርክ ክልል መቆፈር ይቅርና ማሽኑን ለሥራ በተዘጋጀ ሁኔታ ይዞ መገኘትም ያስቀጣል። ሸናንዶዋም ማናሳስም እንደዚሁ ነው። በ1979 የወጣው የአርኪዮሎጂ ሀብት ጥበቃ ሕግ ደግሞ ከ100 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቅርስ ከማንኛውም የፌዴራል መሬት ያለ ፈቃድ ማውጣትን ወንጀል ያደርገዋል። ለመጀመሪያ ጥፋት እስከ 10,000 ዶላርና እስከ 1 ዓመት እስር ሊያስቀጣ ይችላል። የዕቃው ዋጋና የጉዳቱ ማስተካከያ ወጪ ተደምሮ ከ500 ዶላር ካለፈ ቅጣቱ እስከ 20,000 ዶላርና 2 ዓመት ይደርሳል። የግዛትና የካውንቲ ፓርኮች የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ «አይቻልም» ነው።

የሚቀረው የግል መሬት ነው። የካውንቲው የንብረት ካርታ ኢንተርኔት ላይ ስላለ ጫካውን ስትነኩት የባለቤቱን ስምና የፖስታ አድራሻ ታገኛላችሁ። የገጠር ሰው ለማያውቀው ሰው በር ሲከፍት ይጠራጠራልና ሳያስታውቁ ከማንኳኳት መጀመሪያ ባለ ግማሽ ገጽ ደብዳቤ መላክ ይሻላል። ማን እንደሆናችሁ፣ የቱን ጫካ እንዳሰባችሁ፣ ጉድጓዱን እንደምትደፍኑና ያገኛችሁትን ሁሉ እንደምታሳዩ ጻፉለት። ከተስማማ ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ የተገኘው ዕቃ የማን እንደሚሆን፣ አጥር የት እንደሚያበቃና የስልክ ቁጥሩ ይኑርበት። ቅጂውን የመኪናው መስታወት ሥር አስቀምጡት፤ ጎረቤት ፖሊስ ቢጠራ ነገሩ በ1 ደቂቃ ያልቃል።

ማሽኑን ለአገር ቤት ያሰበ ካለ ደግሞ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) አስቀድሞ ያንብብ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር ክልክል ነው፤ በአጋጣሚ የተገኘም ቢሆን ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ቤቱን በካርታ፣ ከዚያ በእግር

ትልቁ ሥራ የሚሠራው ቤት ተቀምጦ ነው። ሊዳር የሚባለው ከአውሮፕላን በሌዘር የሚደረግ ልኬት ቅጠሉን አልፎ የመሬቱን ገጽ ያሳያል። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ መረጃውን በነፃ ይሰጣል። ምስሉን በጥላ መልክ ስታዩት የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፤ ጎኑ 4 ወይም 5 ሜትር የሚሆን ማዕዘን ያለው ጉድጓድ (የፈረሰ ቤት ምድር ቤት)፣ ወደ ውስጥ የሰመጠ ረጅም መስመር (የጋሪ መንገድ)፣ እና ቀጥ ያለ የድንጋይ ካብ። አንድ ጎኑ ላይ ብቻ የአፈር ክምር ያለው ክብ ጉድጓድ ግን ነፋስ የነቀለው ዛፍ ሥር ነው። ተዳፋት ላይ የተደለደለ ክብ ሜዳም ብዙ ጊዜ የከሰል ማክሰያ ነው፤ እዚያ ቤት አልነበረም።

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ኮንፌዴሬቶች (የደቡቡ ወገን) ያሠሯቸው የቨርጂኒያ ካውንቲ ካርታዎች በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በነፃ ይታያሉ። ብዙዎቹ እያንዳንዱን ቤት ከነባለቤቱ ስም ያሳያሉ። ካርታው የ1860ዎቹ ቢሆንም ቤቶቹ ብዙ ጊዜ ከዚያ የቀደመ መሠረት ላይ የቆሙ ናቸው።

ጫካው ውስጥ ስትገቡ ምንጩን ፈልጉ። ውሃ በትከሻ በሚቀዳበት ዘመን ቤት ከምንጭ ርቆ አይሠራም፤ እንስራ ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው ርቀቱን መገመት አይቸግረውም። መጋቢት አካባቢ ቡናማው ጫካ መሀል ቢጫ ዳፎዲል በተርታ አብቦ ካያችሁ ሰው የተከለው ነው። ቪንካ የሚባለው መሬት ላይ የሚንፏቀቅ፣ ክረምት ከበጋ አረንጓዴ የሆነ ተክልም የሰው ምልክት ነው። እሱ ላይ ግን ቆም በሉ። ቪንካ መቃብር ላይም ይተከል ነበር። ከቪንካው መሀል ጽሑፍ የሌላቸው ድንጋዮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ከቆሙ ወይም መሬቱ በሰው ቁመት ልክ ከሰረጎደ የቤተሰብ ወይም የባሪያዎች መቃብር ነውና ማሽኑን አጥፍታችሁ ውጡ። አጥንት ከወጣ ምንም ሳትነኩ ለፖሊስ መደወል ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው የውሃ ጉድጓዱ ነው። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ በጣውላ ተከድኖ ይተዋል፣ ጣውላው ይበሰብሳል፣ ላዩን ቅጠል ይሸፍነዋል። የቤት ፍርስራሽ ዙሪያ እስክታውቁት ድረስ ፊት ለፊታችሁን በዱላ እየወጋችሁ ሂዱ።

ሚስማሩን ማንበብ

የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ሚስማሮች አውጥታችሁ እዩ። ቀጥቃጭ የሠራው ሚስማር በአራቱም ጎን ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ራሱ ላይ እንደ አበባ የተከፈተ የመዶሻ ምት ይታያል። በብዛት የነበረው እስከ 1800 ገደማ ነው። ከ1790ዎቹ ወዲህ የመጣው በማሽን የተቆረጠው ሚስማር በሁለት ጎን ብቻ ይቀጥናል፣ በቀሩት ሁለቱ እኩል ነው። ክብ የሽቦ ሚስማር የነገሠው ከ1890 ገደማ ወዲህ ነው። ክብ ብቻ እየወጣ ከሆነ ቦታው ለእኛ ዓላማ ወጣት ነው፤ ጊዜ አታባክኑ። ዝገቱ ወፍሮ ቅርጹ ካልለየ አንዱን ሰብራችሁ ውስጡን ተመልከቱ።

ነጭ የሸክላ ፒፓ ስባሪም አትጣሉ። ማሽኑ አይሰማውም፣ ዕድሜ በመናገር ግን ከሳንቲም ይልቃል። የፒፓው ቀዳዳ ከዘመን ዘመን እየጠበበ ስለመጣ በመሰርሰሪያ ጫፍ ይለካል። የኢንች 7/64 ጫፍ የሚገባበት በአማካይ ከ1650 እስከ 1680፣ 6 የሚገባበት ከ1680 እስከ 1710፣ 5 ከ1710 እስከ 1750፣ 4 ደግሞ ከ1750 እስከ 1800 ነው። አንድ ስባሪ ብቻውን አይታመንም፤ አሥርና ሃያ ሲሆን ግን ሚዛኑ ይታያል።

ማሽኑና ድምፁ

በብዙ ፍሪኩዌንሲ በአንድ ጊዜ የሚሠራ ማሽን ይበቃል፤ ማይንላብ ኤኩዊኖክስ፣ ኤክስፒ ዲየስ 2 ወይም ኖክታ ሌጀንድ። ገንዘባችሁን ትንሽ ኮይል (መሬቱን የሚጠርገው የማሽኑ ዝርግ ጫፍ) ላይ ጨምሩት እንጂ ከዚህ በላይ ማሽን አትግዙ። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው 28 ሳንቲ ሜትር ኮይል ቤቱ ያለበትን ለማግኘት ጥሩ ነው። ሚስማር የተዘራበት ላይ ስትደርሱ ግን በአንድ ጊዜ አምስት ሚስማር ሥሩ ይገባና ሳንቲሙን ይሸፍንባችኋል። 15 ሳንቲ ሜትሩ በሁለት ሚስማር መሀል ይገባል።

በኤኩዊኖክስ 800 ጫካ ውስጥ የሚሠራ ቅንብር ይህ ነው፦ ፍሪኩዌንሲው መልቲ፣ የማገገሚያ ፍጥነት 5 ወይም 6፣ ሴንሲቲቪቲ (የማሽኑ የመስማት ኃይል) ከ18 እስከ 22፣ ኤፍ 2 የሚባለው የብረት ማዘንበያ ከ0 እስከ 3። መጀመሪያ ኮይሉን ሳታንቀሳቅሱ የጣልቃ ገብ ድምፅ ማጽጃውን አስኪዱ። ቀጥሎ ብረት የሌለበት ቦታ ፈልጋችሁ ኮይሉን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ከአፈሩ ጋር አመጣጥኑት። የፈረስ ጫማ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጫኑና ብረቱ በዝቅተኛ ድምፅ ይሰማችሁ። ሴንሲቲቪቲ ጣሪያ ላይ መስቀል ጥልቀት የሚጨምር ይመስላል፤ ቀይ አፈር ላይ ግን ማሽኑ አፈሩን ራሱን እየሰማ ይለፈልፋል። ካልፔፐር አካባቢ ያለው ቀይ ሸክላ በዚህ የታወቀ ነው፤ እዚያ ብዙዎች ይህን ዓይነቱን ማሽን ትተው ፐልስ ኢንዳክሽን የሚባለውን ሌላ ዓይነት ማሽን ይይዛሉ።

ኮይሉ ከመሬት ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ አይራቅ። የረገፈው ቅጠል ብቻውን 10 ሳንቲ ሜትር ሊሆን ስለሚችል በእግር ገለጥ አድርጉት። አንዱን ጉዞ ከግራ ወደ ቀኝ በ2 ወይም በ3 ሰከንድ፣ እያንዳንዱ ጉዞ የፊተኛውን ግማሽ እየደገመ። ብረት አፍንጫ ያለው ቦት ጫማ አታድርጉ፤ ስልካችሁንም ከፒንፖይንተሩ (ዕቃው ያለበትን ነጥብ ከሚለየው ትንሽ የእጅ ማሽን) አርቁ።

ምድር ቤቱ ውስጥ መቆፈር አትጀምሩ፤ ጉድጓዱ በኋላ ዘመን የቆሻሻ መጣያ ሆኗል። ደጃፉን፣ ወደ ምንጩ የሚወስደውን መስመርና ከቤቱ እስከ 30 ሜትር ያለውን ግቢ በጠባብ መስመር ሂዱበት።

መዳብ ጥርት ብሎ ይጮሃል፤ ዞራችሁ በ90 ዲግሪ ስትጠርጉትም ያው ድምፅ፣ ያው ቦታ፣ ማሽኑ የሚያሳየው ቁጥርም ከሁለት በላይ አይዘልም። ሚስማር ይንተባተባል። በአንድ አቅጣጫ እንደ ብር ይዘምርና ስትዞሩ ወደ ብረት ይወድቃል፣ ወይም ፒንፖይንተሩ ድምፁ ከመጣበት 10 ሳንቲ ሜትር ፈንጠር ብሎ ያገኘዋል። ቆፍራችሁ ድምፁ ድንገት ከጠፋ ብዙ ጊዜ ሚስማር ነበር፤ ዙሪያው ያለው ዝገት ከአፈሩ ጋር ሲበተን ምልክቱም ይበተናል። ጠርዙ ላይ የቆመ ሳንቲምም አንዳንዴ እንዲህ ስለሚያደርግ ጉድጓዱን አንዴ ፈትሹት።

ቁጥር አታምልኩ። በኤኩዊኖክስ ወፍራም መዳብ ከ25 እስከ 32 ሊያሳይ ይችላል፤ ግማሽ ሪያል (ትንሽ የስፔን ብር ሳንቲም) ወይም የተቆረጠ የብር ቁራጭ ግን ትንሽ ስለሆነ ከዚያ በጣም ዝቅ ይላል። ከተማ ውስጥ እዚያ ቁጥር ላይ ያለው የመጠጥ ጣሳ መክፈቻ ቀለበት ነው። ጥንት የተተወ ጫካ ውስጥ ግን መክፈቻው ጥቂት ነውና ብረት ያልሆነውን ሁሉ ቆፍሩ።

መቆፈር

ቅጠሉን ጥረጉ። በጥርሳሙ የእጅ መቆፈሪያ ከድምፁ መሀል 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቃችሁ ሦስት ጎን ቁረጡ፤ አራተኛው እንደ ማጠፊያ ይቆይና ጓሉን ገልብጡት። ጠባብ ጉድጓድ ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ሳንቲሙ ላይ ያለውን የንጉሥ ፊት በስለት የሚፍቀው ግን እሱ ነው። ያልታረሰ ጫካ ውስጥ የምትፈልጉት ነገር ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ከሥሮቹ መሀል ነው። የእጅ አውራ ጣት የሚያህል ሥር አትቁረጡ፤ በጎኑ ግቡ። የሚወጣውን አፈር ፎጣ ላይ አድርጉና ስትጨርሱ ገልብጣችሁ መልሱት፣ ጓሉን ክደኑ፣ በእግር ጫን አድርጉ፣ ቅጠሉን መልሱ። ጉድጓዱን እናንተ ራሳችሁ ተመልሳችሁ ማግኘት ካቃታችሁ በደንብ ተደፍኗል።

እጃችሁ ላይ ያለው ምንድን ነው?

አረንጓዴ ዝርግ ክብ ሲወጣ አውራ ጣት ራሱ ለማሸት ይሮጣል፤ ያዙት። የመዳቡ ጽሑፍ የቀረው ቅርፊቱ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። እርጥብ እንዳለ ስታሹት ፊደሉ ከጭቃው ጋር ይሄዳል። ጀርባውን ብቻ እዩ። መሀሉ ላይ የቀለበት ቁራጭ ወይም የብየዳ ጠባሳ ካለ የልብስ ቁልፍ ነው፤ በዚህ ጫካ ለአንድ ሳንቲም ብዙ ቁልፍ ይወጣል። ብርማ ሆኖ የማይዝገው ዝርግ ቁልፍ ቶምባክ (የመዳብ ቅይጥ) ነው፣ የ1700ዎቹ።

ሳንቲም ከሆነ በብዛት የሚገኘው የእንግሊዝ ግማሽ ፔኒ ነው፤ ከ28 እስከ 30 ሚሊ ሜትር፣ ጀርባው ላይ በሴት የተመሰለች፣ የተቀመጠች ብሪታንያ አለች። ፊደሉ ጠፍቶ ፊቱ ብቻ ከቀረ አቅጣጫውን እዩ፦ ዳግማዊ ጆርጅ ወደ ግራ፣ ሣልሳዊ ጆርጅ ወደ ቀኝ ያያሉ። ቀለል ያለና ሻካራ ከሆነ በዘመኑ የተሠራ ፎርጅድ ይሆናል፤ እነሱም ሲገበዩበት ኖረዋል። 25 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ ጀርባው ላይ ዘውድ የደፋ ጋሻ ካለ ለንደን ታወር ውስጥ በ1773 የተመታው የቨርጂኒያ ግማሽ ፔኒ ነው። የፈረስ ጭንቅላትና ማረሻ ያለበት ከ1786 እስከ 1788 የተሠራ የኒው ጀርሲ መዳብ ነው።

ብሩ የስፔን ነው። እንግሊዝ ለቅኝ ግዛቶቿ የብር ሳንቲም አትልክም ነበርና ገበያው በሜክሲኮና በፔሩ ብር ይሠራ ነበር። ስምንት ሪያሉ 27 ግራም፣ 39 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አያቶቻችን ያስቀመጡትን ጠገራ ብር በእጁ የያዘ ሰው መጠኑን ያውቀዋል፤ ማርያ ቴሬዛዋ 28 ግራም ናት። ዝርዝር ሲጠፋ ስምንት ሪያሉን እንደ ዳቦ ሸንሽነው ይገበዩ ስለነበር ሦስት ማዕዘን የብር ቁራጭ ሲወጣ «የጌጥ ስባሪ» ብላችሁ አትጣሉት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ የስፔን ብር በአሜሪካ እስከ 1857 ሕጋዊ ገንዘብ ነበር። 1780 የሚል ሳንቲም በ1840 የወደቀ ሊሆን ይችላል፤ ቦታውን የምታስረጁት በሚስማሩና በፒፓው እንጂ በሳንቲሙ ዓመት ብቻ አይደለም።

ዘለበት፣ የእርሳስ አረርና የፒውተር (የቆርቆሮ ቅይጥ) ማንኪያ ስባሪም ይወጣል። የእንግሊዙ ጠመንጃ የብራውን ቤስ አረር .69 ኢንች ገደማ፣ የፈረንሳዩ ሻርልቪል አረር ከዚያ ያነሰ ነው። ሾጠጥ ያለ፣ ወገቡ ላይ ሦስት ቀለበት ያለው አረር ግን የ1861–65 ጦርነት ነው። የዚያ ጦርነት ዛጎል ወይም የመድፍ ጥይት ከወጣ አትቧጭሩት፣ መኪና ላይ አትጫኑት፤ ርቃችሁ 911 ደውሉ። በ2008 ቼስተር፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ልምድ ያለው ሰብሳቢ ሲያጸዳው በፈነዳ የእርስ በርስ ጦርነት የመድፍ ጥይት ሞቷል።

ወቅቱና ሰውነታችሁ

ጥሩው ጊዜ ቅጠል ከረገፈበት ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። ያው ጊዜ የአጋዘን አደን ወቅትም ስለሆነ ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያና ቆብ ልበሱ፤ ባለመሬቱንም ማን እንደሚያድን ጠይቁት። ሲሞቅ መዥገሩ ይበዛል። ሱሪውን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ ልብሱ ላይ ፐርሜትሪን ንፉ፣ ማታ ገላችሁን ፈትሹ፤ ላይም የሚባለው በሽታ ከእሱ ነው። ኮፐርሄድ የሚባለው እባብ የጭስ ማውጫ ፍርስራሽ ድንጋይ ይወዳል፤ የማታዩበት እጃችሁን አታስገቡ።

ማጽዳት

ብር በተጣራ ውሃ ይታጠባል፣ አይታሽም፤ አሸዋው ይቧጭረዋል። እርሳስና ፒውተር ይደርቃሉ፣ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋሉ፣ እጅ ይታጠባል። ለስላሳ ጥቁር አረንጓዴ ቅርፊት ያለውን መዳብ አድርቃችሁ በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ብቻ አጽዱት። ጭቃው እንደ ድንጋይ የጠነከረበትን ብቻ በሞቀ ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ንከሩት፤ ቅርፊቱ መላላጥ ከጀመረ ወዲያው አውጡት።

የብረት ዕቃ፣ ለምሳሌ መጥረቢያ ወይም የበር ቁልፍ፣ በኤሌክትሮላይሲስ ይጸዳል። መጀመሪያ በማግኔት ፈትኑት፤ ካልሳበው ውስጡ አልቋልና ይፈረፍርባችኋል። በፕላስቲክ ባልዲ 4 ሊትር ውሃ ላይ 1 የሾርባ ማንኪያ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ (ሶዲየም ካርቦኔት) ጨምሩ፤ ጨው አይሆንም፣ ክሎሪን ያወጣል። ከ12 ቮልት ቻርጀር ኔጌቲቩን ዕቃው ላይ፣ ፖዘቲቩን ተራ ብረት ላይ እሰሩ፤ ሁለቱ አይነካኩ። የማይዝግ ብረት ፖዘቲቩ ላይ አታድርጉ፣ መርዛማ ክሮሚየም ይለቃል። አዳዲሶቹ አውቶማቲክ ቻርጀሮች ባትሪ ካልተሰማቸው አይነሱም፤ ባለ ማኑዋሉን ፈልጉ። የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጂን ስለሆነ ደጅ ይሠራ፣ እጅ ከመግባቱ በፊት ሶኬቱ ይነቀል። ጥቁር ሆኖ ሲወጣ ቦርሹት፣ በተጣራ ውሃ አፍሉት፣ ምድጃ ውስጥ አድርቁትና ገና ትኩስ እያለ ማይክሮክሪስታላይን ሰም ቀቡት። ካደረ በኋላ የምትቀቡት ሰም ሥሩ እርጥበት ያስቀራል፤ በወሩ ብርቱካናማ ነጥብ ሆኖ ይወጣል።